ፈረስ በአትክልት ማሳ ላይ
ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በደጋው አገራችን ፈረስን በአነስተኛ የአትክልት ማሳ ላይ እንዴት እናሠራዋለን የሚለውን ጥያቄ ነው። ብዙ ቤተሰብ ጥንድ በሬ የለውም። አንዱ ሲሞት ወይም ለዕዳ ሲሸጥ ቀሪው ብቻውን ይቆማል። በደጅ ፈረስ ካለ፣ «ለምን በእርሱ አናርስም?» የሚል አሳብ ይመጣል። አሳቡ መልካም ነው፤ ሳይማሩ ከሠሩበት ግን ፈረሱንም ማሳውንም ያሳጣል።

ይህን የምጽፈው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት አንድ በሬያቸው ሞተባቸው። እኔም ፈረሳቸውን ከቀሪው በሬ ጋር በአንድ ቀንበር እንዲጠምዱ መከርኋቸው። «ልጄ፣ ፈረስ እኮ ሻኛ የለውም» አሉኝ። «እማማ፣ ግድ የለም ይለምዳል» አልኋቸው። በሦስተኛው ቀን የፈረሱ ጫንቃ ተልጦ ደማ። ቁስሉ እስኪድን ጭነት መሸከም ስላልቻለ፣ እማማ ድንቹን በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ ወጡ። የተማርሁ ነኝ ባይ እኔ ነበርሁ፤ እውነቱን የተናገሩት ግን እርሳቸው ነበሩ።

1ኛ፦ ፈረስ የሚጎትተው በምኑ ነው?

በሬ ቀንበሩን የሚገፋው ከሻኛው ፊት ባለው ጫንቃው ነው። የፈረስ ኀይል ግን በደረቱና በትከሻው ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቀንበር ሳይሆን የደረት ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው ስፋቱ ከአራት ጣት አይነስ፤ ከውስጥ በወፍራም ጨርቅ ወይም በበግ ቆዳ ይለበድ። ወደ ላይ ከወጣ ጉሮሮውን ያፍነዋል፤ ወደ ታች ከወረደ እርምጃውን ይይዘዋል፤ ስለዚህ በመካከል እንዲቀመጥ በጀርባው ላይ በሚያልፍ ጠፍር ይያዝ። ከሁለቱ ጎን የሚሄዱት መጎተቻዎች እኩል ርዝመት ኖሯቸው ከኋላ ካለው አግድም እንጨት ጋር ይታሰሩ። ቀጭን የናይለን ገመድ ቆዳውን ስለሚቆርጠው አንጠቀምበት።

2ኛ፦ ዐቅሙ ምን ያህል ነው?

አንድ እንስሳ ሳይጎዳ ለሰዓታት ሊስብ የሚችለው በግምት የክብደቱን አንድ ዐሥረኛ በሚያህል ኀይል ነው። 220 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ እንግዲህ የመሳብ ኀይሉ 22 ኪሎ ያህል ነው ማለት ነው። በከባድ አፈር ላይ የመጀመሪያው እርሻ የሚጠይቀው ግን ወደ 100 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደብረ ብርሃን አካባቢ ተመራማሪዎች በአንድ በሬ የሚሳብ ማረሻ ሲሞክሩ፣ ዕቃውን ለአንድ እንስሳ እንዲስማማ ለውጠው መሥራት አስፈልጓቸዋል። ከዚህ የምንማረው፣ የሚስበው ኀይል ሲያንስ ዕቃውም መቅለል እንዳለበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን እርሻ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ በበሬ እንረስ። ለፈረስ የሚስማማው የለሰለሰውን መሬት ማለስለስ፣ በመደዳ መካከል አረም መጎልጎል፣ ድንች ማስታቀፍ፣ ፍግና ምርት ማጓጓዝ ነው።

3ኛ፦ ማሳውን ለፈረሱ ማዘጋጀት

ድንችን በመደዳና በመደዳ መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር አራርቀን እንትከል። ሩብ ሄክታር በሆነ ማሳ ላይ መደዳዎቹ ሲደመሩ 3,300 ሜትር ያህል ይሆናሉ። ፈረስ በዝግታ ቢሄድ ይህ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ነው፤ መዞሪያውንና ዕረፍቱን ብንጨምር ሥራው በአንድ ጧት ያልቃል። ጊዜ የሚያጠፋው መዞር ስለሆነ መደዳው ረጅም ይሁን፤ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተው። ተዳፋት ላይ ግን መደዳው ተዳፋቱን አቋርጦ ይሂድ፤ አለዚያ ዝናቡ አፈሩን ይወስደዋል።

ፈረሱ በጎመን መካከል ሲያልፍ በአፉ ላይ ከገመድ የተሠራ ማፈኛ እናድርግለት። እዚህ ላይ አንድ ወንድም ጠየቀኝ፦ «ዘዳግም 25፥4 የሚያበራየውን በሬ አፍ ማሰርን ይከለክል የለምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ጎመን የፈረስን ሆድ ይነፋል፤ የድንች ቅጠልና አረንጓዴ የሆነ ድንች ደግሞ መርዝነት አላቸው። ማፈኛው እንግዲህ የሚጠብቀው ተክሉን ብቻ ሳይሆን ፈረሱንም ነው። ሥራው ሲያልቅ ይፈታለት፤ ድርሻውንም በድርቆሽና በገብስ ይቀበል። የሕጉ አሳብ የሚሠራው እንስሳ እንዳይራብ ነውና።

4ኛ፦ መኖ፣ ውኃና ዕረፍት

ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ ጨጓራው ትንሽ ነው፤ ማስታወክም አይችልም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያደረግን ደጋግመን እንመግበው። ከሥራ እንደ ወጣ ብዙ እህል አንስጠው፤ ውኃው ከእህሉ ይቅደም። ሙቀት ባለበት ቀን የሚሠራ ፈረስ 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊጠጣ ይችላል። በየማታው እጃችንን በደረቱና በትከሻው ላይ እናሳልፍ፤ የሰኮናውንም ሥር እንመልከት። የሞቀ ወይም ያበጠ ቦታ ካገኘን በማግሥቱ አናሠራው። በቁስል በኩል ክፉ በሽታ ይገባልና ቁስሉ ካልደረቀ ወደ እንስሳት ሐኪም እንውሰደው።

ወገኖቼ፣ የድሀ ቤተሰብ ፈረስ ገበያውም መድኃኒቱም የልጆቹም ደብተር ነው። አዲስ ነገር ከማስተማራችን በፊት የፈረሱን ባለቤት እንጠይቅ፤ ሲመልሱልንም እንስማ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ቤተሰቦች እነማን ናቸው? መቀናጆ እንዲያገኙ ጉባኤው እንዴት ይርዳቸው?
2. የጎረቤቶቻችን ፈረሶች በየትኛው ቦታቸው ላይ ቁስል አለባቸው? ምክንያቱ ምንድን ነው?
3. ምሳሌ 12፥10ን አንብቡ። በዚህ ሳምንት በቤታችን ምን እንለውጣለን?