ከትልቁ ቤት ወደ ማድ ቤት ኤሌክትሪክ ለመውሰድ ስለሚገባው ገመድ

በአገራችን ልማድ ማድ ቤት ከመኖሪያ ቤት ተለይቶ በጓሮ ይሠራል። ይህም ጢሱ ሰውን እንዳያስጨንቅ፥ እሳትም ቢነሣ ትልቁ ቤት እንዳይደርስ የታሰበ ነው። አሁን ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ በብዙ ስፍራ ስለ ገባ፥ ኃይሉን ከቆጣሪው እስከ ጓሮው ማድረስ ግድ ሆነ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በገበያ ያገኘውን ርካሽ ገመድ ገዝቶ በአጥር ላይ አንጠልጥሎ ይወስዳል። ይህ እንዴት ያለ አደጋ እንደሚያመጣና ትክክለኛው ገመድ በምን እንደሚታወቅ፥ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሎችም ለመንደራቸው ሰው ያስረዱ ዘንድ ይህ ተጻፈ።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ መሄዱን ውሃ በቦይ እንደሚሄድ መስሎ ማስተማር ይቻላል። ቦዩ ጠባብና ረዥም የሆነ እንደ ሆነ በመጨረሻ ላለው እርሻ ጥቂት ውሃ ብቻ ይደርሰዋል። ነገር ግን ምሳሌው በሁሉ አይስማማም፤ ቦይ አይግልምና። ሽቦ ከሚችለው በላይ ሲሸከም ይግላል፤ ሽፋኑም ይቀልጣል፤ ከዚያም ወዲያ የሣር ክዳን አጠገብ ካለ ቤቱ ይቃጠላል።

ይህን ነገር በቍጥር የወሰነው በኮሎኝ ከተማ መምህር የነበረው ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም ነው፤ መጽሐፉንም በ1827 ዓ. ም. በፈረንጆች አቈጣጠር አሳተመ። በሕጉ መሠረት በሽቦው የሚሄደው ኃይል በአምፔር፥ የሽቦው ተቃውሞ በኦም ተሰፍሮ፥ ሁለቱ ቢባዙ በመንገድ የሚጠፋው ቮልት ይገኛል።

እንግዲህ በሰሌዳ ላይ እንሥራው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ይፈልጋል እንበል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነውና 3500ን ለ220 ብናካፍል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ማድ ቤቱም ከቆጣሪው 40 ሜትር ይራቅ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይስታሉ፤ ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ ስለ ሆነ መንገዱ 80 ሜትር ነው እንጂ 40 አይደለም። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ተቃውሞው 0.0175 ኦም ያህል ነው። ይህን በ80 አባዝቶ ለሽቦው ውፍረት ማካፈል፥ የተገኘውንም በ16 ማባዛት ነው።

ለመብራት የሚሸጠው የ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በዚህ ሒሳብ 15 ቮልት ያህል ያጠፋል። የምጣድ ሙቀት ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ስለሚቀንስ፥ ከሙቀቱ ከመቶ 12 ወይም 13 እጅ ይጎድላል። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ቢፈስበት እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ባለቤቲቱም በእርሾዋ ታመካኛለች። የ2.5 ሽቦ 9 ቮልት፥ የ4 ሽቦ 5.6 ቮልት፥ የ6 ሽቦ ከ4 ቮልት ጥቂት ያነሰ ያጠፋል። የሚጠፋው ከመቶ 3 እጅ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ማድ ቤት 4 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። ኋላ ሌላ ምድጃ የሚጨምር ሰው ግን ዛሬውኑ 6ቱን ይግዛ፤ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ መቆፈር ከዋጋው ልዩነት ይልቅ ያደክማልና።

የአሉሚኒየም ሽቦ ተቃውሞው ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፤ ከመዳብም ጋር እንዲሁ ቢገጠም መጋጠሚያው ይበላሻል። በገበያ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሚሸጥ ጫፉን በካራ ፋቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ውስጡ ነጭ የሆነ እንደ ሆነ መዳብ አይደለም።

በቆጣሪው ዘንድ የሚቆመው ብሬከር ምጣዱ ከሚፈልገው በላይ፥ ገመዱ ከሚችለውም በታች መሆን አለበት፤ ለዚህ ሥራ የ20 አምፔር ይሆናል። ብሬከሩ ደጋግሞ ቢያቋርጥ በትልቅ የሚለውጡት ሰዎች አሉ፤ ይህ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ከፍቶ እንደ መተው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ሽቦ ነው፤ እርሱም አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ነው። የምጣዱ ሽቦ ከውስጥ ተልጦ ብረቱን የነካ እንደ ሆነ፥ እጇ በሊጥ የራሰ፥ እግሯም በእርጥብ መሬት የቆመ ሴት በነካችው ጊዜ ኤሌክትሪኩ በሥጋዋ ያልፋል። የመሬት ሽቦ ካለ ኃይሉ በእርሱ በኩል ይሄዳል፤ ብሬከሩም ያቋርጣል። ከዚህም ጋር 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ሲፈስ የሚያቋርጥ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ከሰው ነፍስ ጋር አይመዛዘንምና ይጨመር። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ገመድ ለማድ ቤት አይገዛም።

የቤት ውስጥ ነጭ ገመድ ፀሐይ ሲመታው ሽፋኑ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውም በቆርቆሮ አጥር ላይ ቢያርፍ አጥሩ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ሕፃናትም የሚጫወቱት በዚያው ነው። በዛፍም ላይ አይታሰር፤ ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛልና። ከመሬት በታች ለመቅበር በብረት ሽቦ የተጠቀለለውን ገመድ መግዛት ይሻላል፤ የብረቱም ሽፋን ከመሬት ሽቦ ጋር ይታሰር። ጉድጓዱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አያንስ፤ የሚታረስ ስፍራ ከሆነ ይጥለቅ። ከገመዱ በታችና በላይ አሸዋ፥ ከአሸዋው በላይ ጡብ ወይም የማስጠንቀቂያ ሪባን ይደረግ። በመሬት ውስጥ ገመድ አይቀጠልም፤ ርዝመቱ አስቀድሞ ተለክቶ ባንድነት ይገዛ።

የማያያዙን ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያድርገው። ጉድጓዱ ከመደፈኑ በፊት መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ገመዱ ከቤቱ ማዕዘን ስንት ሜትር ርቆ እንደሚያልፍ ያስለካቸው፤ ሥዕሉም በወረቀት ተነድፎ ከቆጣሪው አጠገብ ይለጠፍ።