ከተጣለ ጀልባ ላይ የተገኘ ሞተር እንዴት ይታወቃል?

ላስታ የጀልባ አገር አይደለም። ነገር ግን ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በ2001 ዓ.ም. ከተጠናቀቀ ወዲህ፣ ከታች በዋግና በትግራይ መካከል ሐይቅ ሆኗል፤ ዓሣም ይሰገርበታል። ስለዚህ የጀልባ ሞተር ነገር የጣና ልጆች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም።

አሮጌ ሞተር ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቸኩለው ማስነሻ ገመዱን ለመሳብ ነው። ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው። ሲሊንደሩ ዝጎ እንደ ሆነ ፒስተኑ ይፋፋቃል። ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምሮ ማሳደር፣ በማግሥቱም መዘውሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ይሻላል።

ስሙ ያልታወቀ ሞተር መለዋወጫ አይገኝለትም፤ መጨረሻው በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው መሸጥ ነው። ታዲያ ስሙ ወዴት ይገኛል? ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አይታመንም፤ ክዳን ከሌላ ሞተር ሊመጣ ይችላል። ሞተሩ ከጀልባው ጋር በሚጠብቅበት መቆንጠጫ ጎን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ሞዴሉና ተከታታይ ቁጥሩ በዚያ ይነበባሉ። በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ፊደሉን ያጠፋልና በላምባ በተነከረ ጨርቅ ብቻ ትጠረግ።

ሰሌዳዋ ከጠፋችስ? የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ባለ አራት ምት ነው። የሌለው አሮጌ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ሲሆን፣ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይቀላቀልለታል፤ ያለ ዘይት ቢያስነሡት ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል።

ደግሞም ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ከጉልበቱ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚህ በዚያ ደከመ የተባለውን ከመጣል በፊት ውልብልቢቱን ጥምዙ ላላ ባለ ሌላ ለውጦ መሞከር ነው።