የፈጠጠ ዓይንና የቀዶ ሕክምና አማራጮቹ

ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ የወይጦን ሸለቆ አቋርጦ ያልፋል። በዚህ ሸለቆ የሚኖር ሰው ዓይኑ ፈጥጦ ቢወጣ ከጤና ጣቢያ ወደ ጂንካ ሆስፒታል፣ ለረቀቀ ቀዶ ሕክምና ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ የትኛው ሕመም ቀን የሚሰጥ፣ የትኛውስ የማይሰጥ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዓይን ለምን ይፈጥጣል? ዓይናችን የተቀመጠበት ጎድጓዳ ዙሪያውን በአጥንት የታጠረ ሲሆን ይዘቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በውስጡ ያለው ስብ ወይም ጡንቻ ሲያብጥ፣ ወይም እባጭ ሲበቅልበት፣ አጥንቱ ስለማይለጠጥ ዓይን ክፍት በሆነው በፊት በኩል ይገፋል።

በአዋቂዎች ዘንድ ዋናው መንስኤ ከታይሮይድ ዕጢ ሕመም ጋር የተያያዘው የግሬቭስ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አካሉን ያጠቃል። በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት ግን በራሱ ዓይንን አያፈጥጥም።

በግሬቭስ በሽታ ቀዶ ሕክምናው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ከጎድጓዳው ግድግዳ አጥንት፣ አንዳንዴም ስብ ይነሣና ዓይን ወደ ኋላ የሚመለስበት ስፍራ ያገኛል። ቀጥሎ የተንሸዋረሩ የዓይን ጡንቻዎች ይስተካከላሉ፤ በመጨረሻም የተሰበሰበው የዓይን ቆብ ይረዝማል። ቅደም ተከተሉ አይፋለስም፤ የመጀመሪያው ሥራ የጡንቻንና የቆብን አቀማመጥ ሊለውጥ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየትንም ሊያስከትል ይችላልና። ብዙውን ጊዜ ሐኪሞች እብጠቱ እስኪረጋ ይጠብቃሉ። የእይታ ነርቭ ከተጨነቀ ወይም ዓይን አልከደን ብሎ ኮርኒያ ከቆሰለ ግን መጠበቅ አይገባም።

መንስኤው ሌላ ሲሆን ሕክምናውም ይለያል። ከሳይነስ የተዛመተ ኢንፌክሽን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በአስቸኳይ ይሻል፤ መግል ከቋጠረም በቀዶ ሕክምና ይፈስሳል። እባጭ እንደ ዓይነቱ ተቆርጦ ይወጣል። በሕፃናት ላይ የሚታየው ሬቲኖብላስቶማ የተባለው ካንሰር ደግሞ ዓይንን እስከ ማውጣት ያደርሳል፤ ይህም የሚደረገው ሕይወትን ለማዳን ነው። ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ ዓይን ከመፍጠጡ በፊት በብሌን ውስጥ በሚታይ ነጭ ነጸብራቅ ይታወቃል።

ስለዚህ የእይታ መቀነስ፣ የቀለማት መደብዘዝ፣ ከትኩሳት ጋር የመጣ እብጠት፣ በሕፃን ብሌን ውስጥ የታየ ነጭ ነጸብራቅ ቀን አይሰጡም። የግሬቭስ ሕመምተኛ ሲጋራ ቢያቆም ዓይኑን ከባሰ ጉዳት ይጠብቃል። የሐኪሙ ቢላዋ የሚጠቅመው መንስኤው ሲታወቅ ነውና፣ ከወይጦ የሚነሣ ሕመምተኛ ጉዞውን ዛሬ እንዲጀምር እንመክራለን።