ስለ ሞተር ሳይክል የአየር ማጣሪያ አጠባበቅ

ከተማችን ቦዲቲ ከአላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስንዘልቅ የምናገኘው የአፈር መንገድ ነው። በዚህ መንገድ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ፥ ነጋዴውን ወደ ገበያ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ሞተር ሳይክል ነው። በበጋ ወራት ቀዩ አፈር ደርቆ ስለሚቦን፥ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍናል። እንግዲህ ሰው የራሱን አፍንጫ እንዲህ ከጠበቀ፥ የሞተሩን አፍንጫ ማን ይጠብቅለት? ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። በኬሚስትሪ ትምህርታችን እንደተረዳነው ቤንዚን ያለ ኦክሲጅን አይነድም። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲነድ 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲመዘን ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ስለሆነ፥ የሚፈልገው አየር 11 ኪሎ ያህል ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው አገራችን 1 ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ሊትር ቤንዚን ለማንደድ ሞተሩ 11 ሜትር ኩብ አየር ይስባል፤ ይኸውም ባለ 200 ሊትር በርሜል 55 በርሜል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አየር የሚያልፈው መካኒኮቻችን ፊልትሮ በሚሉት በአንድ ትንሽ ማጣሪያ ነው።

ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን አየሩ ያንሳል፤ ቤንዚኑም በሙሉ ሳይነድ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ጭሱ ይጠቁራል፥ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፥ ዳገት ላይ ጉልበት ይከዳል፥ የቤንዚኑም ወጪ ይጨምራል። ከዚህ የባሰው ግን ማጣሪያውን አውጥቶ ጥሎ መንዳት ነው።

አንድ የቅርብ ዘመዴ ይህን አድርጎ ነበር። በበጋ ማጣሪያው ቢደፈንበት አወጣውና ያለ እርሱ መንዳት ጀመረ። ሞተሩ በመጀመሪያ ቀለል ብሎት ስለ ሮጠ ብልኃት ያገኘ መሰለው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይወጣ ጀመር፤ ዘይቱም ቶሎ ቶሎ ይጎድል ነበር። ሞተሩ ሲፈታ የሲሊንደሩ ግድግዳ ተጭሮ በጥፍር የሚዳሰስ መስመር ወጥቶበት ተገኘ። ምክንያቱም በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ከብረቱ ይጠነክራል፤ ከዘይቱ ጋር ሲደባለቅ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳቸዋል። ለታናናሾቹ ደብተርና ልብስ የተቀመጠው ገንዘብ ለጥገናው ዋለ።

እንግዲህ አጸዳዱ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መጠበቅ፤ የማጣሪያውን ሣጥን ክዳን ከመፍታት በፊት በዙሪያው ያለውን አቧራ በጨርቅ መጥረግ።

2ኛ. ማጣሪያውን ካወጡ በኋላ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወስደውን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፤ የሣጥኑንም ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል።

3ኛ. ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ማጠብ። ሲጨመቅ በመዳፍ ተጭኖ ነው እንጂ እንደ ልብስ ጠምዝዞ አይደለም፤ ይቀደዳልና። በቤንዚን ማጠብ ግን እሳት ሊያስነሣ፥ ማጣበቂያውንም ሊያላቅቅ ስለሚችል አይገባም።

4ኛ. ስፖንጁን በጥላ ሥር ፈጽሞ ማድረቅ፤ ከዚያም ለማጣሪያ የተሠራ ዘይት፥ ካልተገኘም ንጹሕ የሞተር ዘይት አጠጥቶ ትርፉን መጭመቅ። አቧራውን የሚይዘው ይህ ዘይት ነው።

5ኛ. ማጣሪያው ደረቅ ወረቀት ከሆነ ውኃም ዘይትም አይነካውም። ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ፥ ወይም ጎሚስታ ቤት ባለው አየር ግፊቱን ቀንሶ ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት ይበቃል። ከፋብሪካው ዘይት ተቀብቶ የሚመጣ ወረቀት ግን ሲቆሽሽ ይለወጣል እንጂ አይጸዳም።

6ኛ. ወደ ብርሃን አዙሮ መመልከት፤ ከዚያም በጨርቅ የተሸፈነውን ቀዳዳ ከፍቶ ማጣሪያውን ዙሪያው ገጥሞ እንዲቀመጥ አድርጎ ክዳኑን ማጥበቅ።

ስፖንጁ ቢቀደድ ወይም ሲነኩት ቢፈረፈር፥ ወረቀቱ ቢበሳ ወይም በውኃ ቢርስ፥ የዙሪያው ጎማ ቢሰነጠቅ፥ አዲስ መግዛት ግድ ነው። አዲሱም ለዚያው ሞተር ሳይክል ዓይነት የተሠራ ይሁን፤ ልኩ ያልሆነ ማጣሪያ በዳር በኩል አቧራ ያስገባልና። የጊዜውን ልክ የአምራቹ መመሪያ በኪሎ ሜትር ይነግረናል። እንደኛ ባለ አቧራማ መንገድ ግን ከዚያ ቀድሞ፥ በበጋ በየሳምንቱ፥ ከፍቶ ማየት ይሻላል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በቤታችሁ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ጓደኞቼ፥ በሚመጣው ቅዳሜ ከወንድማችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር ሆናችሁ ክዳኑን ክፈቱና ተመልከቱ። ሥራው ሳሙና፥ ውኃና ጥቂት ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ቸል ማለቱ ነው።