ፊደሉን ማን ያወጣዋል?

ቆይ አባዮ፣ የስኮላርሺፕ ቅጹ ላይ «ላክ» የሚለውን ገና እንዳትነኪው። እስኪ ስልኩን ወደዚህ በይው፤ ወረቀቶቹንም ምንጣፉ ላይ ዘርጊያቸው። የአባትሽን ስም አየሽው? የትምህርት ማስረጃሽ ላይ ሐሰን በኤክስ ይጀምራል፤ ሞቃዲሾ በ1972 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው የሱማልኛ አጻጻፍ «ሐ» በኤክስ፣ «ዐ» በሲ ነው የሚጻፈው። ፓስፖርትሽ በኤችና በሁለት ኤስ ጽፎታል። የፋይዳ መታወቂያሽ ደግሞ አንዷን ኤስ ውጧታል። ለእኛ ያው ጋሽ ሐሰን ናቸው፤ ስኮላርሺፕ ለሚሰጡሽ ሰዎች ግን ሦስት አባት አለሽ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ፊደሉን ግን የሚያወጣው ምሳ ሰዓቱ የደረሰበት መዝጋቢ ነው።

ፋይዳን ቀላል አታድርጊው። ባለ 12 አሃዙ ቁጥር ከጣት አሻራሽና ከዓይንሽ ብሌን ጋር ታስሯል፤ አዋጅ 1284/2015 የወጣውም ለዚሁ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ያዢ፤ ድንበር የሚያሻግርሽ እሱ ነው። ሌላውን ሁሉ በእሱ አሳርሚ። «የቤተሰብ ስም» ሲሉሽም ዛሬ የአባትሽን፣ ነገ የአያትሽን እየሰጠሽ አታምታቺ። ስታገቢ ደግሞ የባል ስም የሚባል ነገር አይግባበት፤ የአንቺም እናት የእኔም እናት አልቀየሩም።

ትስቂያለሽ፤ ስም ግን ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ያህል ዘመን ጎረቤትሽ ስሆን የክርስትና ስሜን መቼ ነግሬሽ አውቃለሁ? አሁንም አልነግርሽም። እናቴ በክርስትና ስምና በእናት ስም መተት ይሠራል ብላ ታምናለች፤ እኔ ባላምንም አፌ አይፈታም። ደብተራ የሚጽፈውን የብራና ክታብ አይተሽ ከሆነ ጸሎቱ መሐል የባለቤቱ የክርስትና ስም አለ። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲሸጥ የድሮው ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም በላዩ ይጻፋል። ጸሎቱ አልተነካም፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ተለወጠ።

ዛርም፣ እናንተ ሱማሌዎች ሳር የምትሉት፣ እንዲሁ ነው። ባለዛሩ አስቀድሞ የሚታገለው መንፈሱ ስሙን እንዲናገር ነው። ስሙን ካወጣ በኋላ ድርድር ይመጣል፦ ምን ልበስ፣ ምን ይታረድልኝ። የጀርመኖቹ ግሪም ወንድማማቾች ያሳተሙት ተረት ላይም አንድ ድንክ ገለባን ወርቅ አድርጎ ይፈትልና በምላሹ የንግሥቲቱን ልጅ ልውሰድ ይላል። ስሙን ስትጠራበት ግን ንዴት ራሱን ለሁለት አስቀደደው። ያ ድንክ ፋይዳ ቢኖረው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን አልቆለት ነበር።

ናናይስሽን፣ ቅጽል ስምሽን ግን ከዚህ ቅጽ አውጪው። እናንተ ያለ ቅጽል መኖር እንደማትችሉ አውቃለሁ፤ ጅጅጋ ገበያ መሐል «መሐመድ!» ብለሽ ብትጣሪ ስንቱ ነው የሚዞረው? ስለዚህ አንዱ ዴሬ ረጅሙ፣ ሌላው ጋብ አጭሩ ይባላል። የሶማሊያ ፕሬዚዳንት የነበረው ሰውዬ እንኳ ዓለም የሚያውቀው ፎርማጆ በሚለው፣ በጣልያንኛ አይብ ማለት በሆነው ስም ነው። ዋትሳፕሽ ላይ እንደፈለግሽ ሁኚ። ግን ካምፓስ ስትገቢ ስምሽ ከብዷቸው ቆርጠው የሚጠሩሽ ይመጣሉ፤ ደስ ካላለሽ በመጀመሪያው ሳምንት ተናገሪ። በኋላማ ይለጥፉብሽና አይላቀቅሽም።

አብቲርሲሽን፣ የዘር ሐረግ ቆጠራሽን ግን አያትሽ እንዳስጠኑሽ እስከ ጥጉ ያዢው፤ ያንቺ ነው። ቅጹ የሚጠይቅሽ እስከ አያት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የቤት ነገር ነው። የባጃጅ ሹፌሩ መስታወቱ ላይ እያየሽ «የማን ወገን ነሽ?» ሲልሽ የአባትሽን ስም ንገሪውና ዝም በዪ። ሁሉንም ቆጥሮ የማስረከብ ግዴታ የለብሽም።

በይ ይህን «አስቀምጥ» ብለሽ ዝጊው፤ የማመልከቻው ማብቂያ ቀን ገና ነው። ነገ ጠዋት ሰልፍ ሳይበዛ ፓስፖርቱንና ፋይዳውን ይዘሽ ፋይዳውን ለማሳረም ሂጂ። መዝጋቢውን በቃል አትንገሪው፤ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው። ስክሪኑን ሲያዞርልሽም እየጠቆምሽ አንብቢው፤ ሁለቱም ኤስ መኖራቸውን ሳታዪ ከወንበሩ እንዳትነሺ።