ዝገት የያዘውን ብሎን እንዴት እንፈታለን?

የወፍጮ ሞተር ሲበላሽ ችግሩ የባለ ወፍጮው ብቻ አይደለም። የሰፈሩ ሁሉ ነው። እህሉ በአህያ ተጭኖ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። አህያ የሌላት ሴት ወደ ድንጋይ ወፍጮዋ ትመለሳለች።

ብዙ ጊዜ የተበላሸው ዕቃ ትንሽ ነው። እሱን ለመለወጥ ግን ብሎን መፈታት አለበት። ብሎኑ ደግሞ ዝጎ እምቢ ይላል። አንዱ ጉልበተኛ ይመጣና ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያዞረው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስባሪው ውስጥ ይቀራል። ያንን በመሰርሰሪያ የሚያወጣ ባለሙያ ከከተማ ይፈለጋል። የአንድ ቀን ሥራ የሳምንት ሥራ ሆነ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ታዲያ ብሎኑን እንዲህ አድርጎ የያዘው ምንድን ነው? ብረት ውኃና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ክረምቱን ውጭ የከረመ ማረሻ ቀይ ዱቄት እንደሚለብስ ታውቃላችሁ። ዝገት ከተሠራበት ብረት ይበልጥ ያብጣል። የላላ የመጥረቢያ እጀታ ውኃ ውስጥ ሲነከር አብጦ ይጠብቅ የለም? በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለው ዝገትም እንደዚሁ አብጦ ጠርቅሞ ይይዛል።

እዚህ ላይ ዘይት ይረዳናል። ዘይት ዝገቱን አያሟሟውም። በቀጭኑ ክፍተት ገብቶ ያለሰልሰዋል እንጂ። ኩራዝን ተመልከቱ። ላምባው ማንም ሳይገፋው በክሩ ሽቅብ ይወጣል። ቀጭን ፈሳሽ በጠባብ ቦታ ራሱ እየተሳበ ይገባል። ግሪስ ግን ወፍራም ስለ ሆነ ከላይ ይቀራል።

በከተማ ሱቅ ለዚሁ ሥራ በቆርቆሮ የሚሸጥ የሚረጭ ዘይት አለ። ስሙ የታወቀው ደብልዩ ዲ 40 ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 በአሜሪካ፣ በሳንዲዬጎ ከተማ ተሠራ። መጀመሪያ የታሰበው ውኃን ከብረት ለማራቅና ዝገትን ለመከላከል ነበር። ብሎን ለመፍታትም ይረዳል። በተለይ ለዛገ ብሎን ተብለው የተሠሩ ሌሎች ዘይቶችም አሉ።

ይህ ካልተገኘ በቤት መቀላቀል ይቻላል። ሁለት እጅ ላምባና አንድ እጅ ንጹሕ የሞተር ዘይት በደንብ ይበጥበጥ። ላምባው ቀጭን ስለ ሆነ ሰርጎ ይገባል። ዘይቱ ውስጥ ቀርቶ ያለሰልሳል። አንዳንድ መካኒኮች አሴቶንና የካምቢዮ ዘይት ይቀላቅላሉ። ነገር ግን አሴቶን ከዘይቱ ጋር በደንብ አይዋሐድም፤ እሳትም በጣም ፈጥኖ ይይዘዋል። ላምባው ይሻላል። የኑግና የተልባ ዘይት ግን ለዚህ አይሆንም። ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ሞተሩ ይጥፋ፤ ይቀዝቅዝም። ከብሎኑ ላይ ዝገቱንና ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ።

2. ዘይቱን በዳዶው ዙሪያ አንጠባጥቡ። ይደር። ጠዋት ደግሞ ጨምሩበት።

3. የብሎኑን ራስ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉ። ንዝረቱ ለዘይቱ መንገድ ይከፍትለታል።

4. ልኩ የሆነ መፍቻ ምረጡ። አፉ የሰፋ መፍቻ የብሎኑን ማዕዘን ይበላዋል።

5. መጀመሪያ ወደ ቀኝ ጥቂት አጥብቁ፤ ከዚያ ወደ ግራ ፍቱ። ከተነቃነቀ በአንድ ጊዜ አታውጡት። ዘይት እየጨመራችሁ ወዲያና ወዲህ አመላልሱት። እምቢ ካለ እንደገና ይደር።

6. ከወጣ በኋላ ጥርሱን አጽዱ። ስትመልሱት ጥቂት ግሪስ ቀቡት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ በቀላሉ ይፈታል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንንገራችሁ። ላምባ በተቀባ ብሎን አጠገብ ሲጋራም ኩራዝም አይቅረብ። ብሎኑን በእሳት ማሞቅም ክልክል ነው። በላምባ ፈንታ ቤንዚን አትጠቀሙ። ዘይቱ ዱቄትና እህል እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ስትጨርሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የተረፈውን በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት። ሕፃን ውኃ ወይም ለስላሳ መስሎት ይጠጣዋል። ላምባ ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ሕፃን ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ስለዚህ ዘይቱን ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አኑሩ። በላዩም በትልልቅ ፊደል «መርዝ! አይጠጣም!» ብላችሁ ጻፉ። ማንበብና መጻፍ ነፍስ ያድናል የሚባለው ለዚህ ነው። ልጆቻችሁም ጽሑፉን እንዲያነቡት አስተምሯቸው።

ጥያቄዎች

1. የዛገ ብሎን በጉልበት ሲፈታ ምን ይሆናል?
2. የኩራዝ ክር ስለ ዘይት ምን ያስተምረናል?
3. የኑግ ዘይት ለዚህ ሥራ የማይሆነው ለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ላምባ የሚቀመጠው በምን ዕቃ ነው? በላዩ ምን ተጽፏል?