ስለ ግቢ ንጣፍ ድንጋይ አመራረጥና አነጣጠፍ

በምዕራብ ጎጃም፣ ይልቁንም በደጋ ዳሞት ወረዳ በፈረስ ቤት ከተማ፣ ክረምቱ ብርቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ግቢውን ጭቃ ያደርገዋል፤ ጭቃውም በሰውና በበቅሎ እግር ወደ ቤት ይገባል። ውሃው ወደ ግድግዳው ሥር የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ መሠረቱ ይርሳል፤ በወለል ላይ የተደረደረውም የእህል ጆንያ ከሥሩ ይሻግታል። ስለዚህ የግቢ ንጣፍ ለጌጥ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ የነጋዴን ገንዘብም የሚጠብቅ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫ። የጎጃም ደጋ በአብዛኛው ባዛልት በሚባል፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው። በአባይ ሸለቆ ግን፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል፣ ከጥቁሩ በታች የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ጥቁሩ ጠንካራ ስለ ሆነና ከቅርብ ስለሚገኝ ለውጭ ግቢ ይመረጣል። የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ መልካቸው ቢያምርም ሎሚና ሆምጣጤ ይበላቸዋል። ተወልውሎ የለሰለሰ ድንጋይም በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል።

ገዢው ሳይዋዋል አስቀድሞ ይፈትን። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደኅና ነው፤ ድምፁ የታፈነ ግን የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ደረቁን ድንጋይ መዝኖ፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በውሃ ነክሮ፣ ላዩን ጠርጎ እንደገና ይመዝነው፤ 5 ኪሎ የነበረው ከ150 ግራም በላይ የጨመረ እንደ ሆነ ውሃ ይጠጣልና ይተወው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሒሳብ። ስፋቱ 6 በ8 ሜትር የሆነ ግቢ 48 ካሬ ሜትር ነው፤ ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው አንድ አሥረኛ ሲጨመር 53 ይሆናል። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር ድንጋይ በካሬ ሜትር 140 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ጠቅላላው 74 ኩንታል ገደማ ነው። ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን ያው ጭነት 33 ካሬ ሜትር ብቻ ይሸፍናል። በመኪና ጭነት ብቻ መዋዋል የጠብ ምክንያት የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ በውሉ ላይ ውፍረቱና የካሬ ሜትሩ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ ስለ አነጣጠፍ። ሥራው በበጋ ይጀመር። አፈሩ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፈርና 12 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ተደልድሎ በደንብ ይደቅደቅ፤ በላዩ 4 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፍ። መሬቱ ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጠለቅ ብሎ ተቆፍሮ ጠጠሩ ይጨመር። ሲባጎ ተወጥሮ፣ በውሃ ልክ እየተለካ፣ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ይደረግ፤ በ6 ሜትር 12 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የአራት ድንጋይ ማዕዘን በአንድ ነጥብ አይገናኝ። ክፍተቱ በአሸዋ ይሞላ፤ በሲሚንቶ የተሞላ እንደ ሆነ ግን ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ።

ጥሩ ድንጋይ በመጥፎ አልጋ ላይ ቢተኛ በአንድ ክረምት ይናወጣል። ስለዚህ ገዢው ለድንጋዩ እንደሚከፍል ሁሉ ለጠጠሩና ለድቅደቃውም ሳይሰስት ይክፈል።